የማዳበሪያና የፍሳሽ ብክለትን ከሐይቅ ደለል እንዴት ማንበብ ይቻላል፦ የጣና ምሳሌ

ዛሬ ከጣና የተቀዳ ውሃ የዛሬውን ፎስፈረስ (ከማዳበሪያና ከፍሳሽ ጋር የሚገባውን ንጥረ ነገር) ብቻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንቦጭ ከመታየቱ በፊት ምን ሲገባ እንደኖረ ለማወቅ ደለሉን መመርመር ያስፈልጋል።

ቦታ። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ የታችኛውን ጭቃ ያማስላል። ከዳርቻና ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ ወንዞች መግቢያዎች ራቁ፤ ጥልቅ ከሆነው ክፍል ቢያንስ ሦስት ናሙና ውሰዱ።

ናሙና። ከ6 እስከ 9 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ 1 ሜትር የሚረዝም ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ከክብደት ጋር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሲወጣ ከጭቃው በላይ ያለው ውሃ ከደፈረሰ የላይኛው ንብርብር ተበጥብጧልና ድገሙት። ቱቦውን አታጋድሙ።

የላይኛውን 20 ሳንቲሜትር በየ0.5፣ የቀረውን በየ1 ሳንቲሜትር ቁረጡ። ቱቦው የላይኛውን ጭቃ ወደታች ስለሚጎትት ጠርዙን ፍቃችሁ ጣሉ። የእያንዳንዱን ቁራጭ ይዘትና እርጥብ ክብደት መዝግቡ፣ በ60 ዲግሪ አድርቁና እንደገና መዝኑ። ይህ ከታለፈ፣ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ አይሠራም።

ዕድሜ። የሊድ-210 (ራዲዮአክቲቭ የእርሳስ ዓይነት) ግማሽ ዕድሜ 22 ዓመት ገደማ ስለሆነ ከ100 እስከ 150 ዓመት ወደኋላ ያስኬዳል። ከኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች የወረደው የሲዚየም-137 የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) ጫፍ ማረጋገጫ ይሆናል፤ በሞቃታማ አገሮች ግን ደካማ ስለሆነ ብቻውን አይታመንም።

ኬሚስትሪ። ጠቅላላ ፎስፈረስ፣ ቲታኒየም፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ናይትሮጅን-15 (ከአየር ናይትሮጅን ጋር ተነጻጽሮ የሚገለጽ ከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት፤ የአየሩ ዜሮ ነው) ይለኩ። ለካርቦን ካርቦኔቱን በአሲድ አስወግዱ፤ ናይትሮጅኑን ግን አሲድ ካልነካው ክፍል ለኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክምችቱን (በ1 ግራም ደለል ውስጥ ያለውን የፎስፈረስ መጠን) ብቻ በማየት ነው። በ1 ግራም ደለል 1 ሚሊግራም ፎስፈረስ ቢኖርና በዓመት 0.05 ግራም ደለል በካሬ ሳንቲሜትር ቢከማች፣ በካሬ ሜትር 0.5 ግራም ፎስፈረስ ማለት ነው። የአፈር መሸርሸር ደለሉን በእጥፍ ቢጨምረው ክምችቱ ሳይለወጥ የሚገባው ፎስፈረስ 1 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ክምችቱን በደለል ፍጥነት አባዙ፣ ከቲታኒየም ጋርም አነጻጽሩ፤ ቲታኒየም የተሸረሸረውን አፈር ያመለክታል።

የላይኛው ንብርብር ፎስፈረስ ቢበዛም አትቸኩሉ። ኦክስጅን ሲጠፋ ብረት ይሟሟና የያዘውን ፎስፈረስ ወደላይ ይለቃል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚወጣው በአብዛኛው ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር የታሰረው ሲሆን፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚወጣው በአብዛኛው ከድንጋይ የመጣው ነው፤ ለየብቻ ለኩ።

የካርቦንና ናይትሮጅን ጥምርታ ከ10 በታች ከወረደ አልጌ በዝቷል፤ ከ20 በላይ ከሆነ የየብስ ዕፅዋት ቅሪት ነው። ናይትሮጅን-15 ከፍ ካለ ፍሳሽና ፍግ ይጠረጠራሉ፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎችም ወደ ዜሮ ይጎትቱታል፣ ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

ሦስቱ ምልክቶች (የሚገባው ፎስፈረስ፣ የካርቦንና ናይትሮጅን ጥምርታና ናይትሮጅን-15) በተለያዩ ናሙናዎች በአንድ ዘመን ከተለወጡ የሰው እጅ አለበት ማለት ይቻላል። በጣና ግን ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለውን ለውጥ ስታነቡ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የውሃውን ከፍታ እንደቀየረው አስቡ፤ ደለሉ የሚያርፍበትም ስፍራ አብሮ ሊለወጥ ይችላል።