የተሠራ ውህድን ከምርመራ በፊት በምን ዘዴ እናድርቀው?

በቤተ ሙከራ የተሠራ ውህድ ለዐይን ደረቅ ዱቄት ቢመስልም ውሃ ወይም አሟሚ (ውህዱ የተሟሟበት ፈሳሽ) አዝሎ ሊቆይ ይችላል። የሞለኪውል ክብደቱ 300 የሆነ ውህድ በእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ የውሃ ሞለኪውል ከያዘ፣ ከመዘንነው 10 ሚሊግራም ውስጥ ውህዱ 9.4 ሚሊግራም ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ለሕዋስ ሙከራ የምናዘጋጀው ፈሳሽ ካሰብነው ይቀጥናል።

ዘዴውን የሚወስነው የሚወገደው ፈሳሽ ምንነትና ውህዱ የሚችለው ሙቀት ነው። ኤተርና ዳይክሎሮሜቴን የተባሉት አሟሚዎች በ35 እና በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈሉ፣ ብዙውን ጊዜ በክፍል ሙቀት የቫኪዩም ፓምፕ (አየር መጥጦ የሚያወጣ መሣሪያ) ይበቃቸዋል። በ153 ዲግሪ የሚፈላው ዲኤምኤፍና በ189 ዲግሪ የሚፈላው ዲኤምኤስኦ የተባሉት አሟሚዎች ግን በፓምፕ ብቻ በቀላሉ አይለቁም፤ ስለዚህ ውህዱ በውሃ የማይሟሟና በውሃ የማይበላሽ ከሆነ አስቀድሞ በውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ምድጃውን ከማጋል ይሻላል።

የማድረቂያ ምድጃ የሚስማማው ሙቀት ለማይጎዳውና የመቅለጫ ነጥቡ ከምድጃው ሙቀት በእጅጉ ለሚበልጥ ውህድ ነው። ተቀጣጣይ አሟሚ ያዘለ ናሙና በተራ ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ ፐርክሎሬትና አዛይድ የተባሉት የውህድ ዓይነቶች ደግሞ ሊፈነዱ ስለሚችሉ በሙቀት ለማድረቅ አይሞከሩም።

ሙቀት ለማይችል ውህድ ዴሲኬተር (እርጥበት የሚስብ ነገር የሚቀመጥበት ዝግ ዕቃ) ይመረጣል። ሲሊካ ጄልና ካልሲየም ክሎራይድ ውሃን ይይዛሉ፣ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ከሁለቱም ይበረታል፤ የሄክሴንንና የቶሉዊንን ተን ለመያዝ ግን የፓራፊን ሰም ይሻላል። የዴሲኬተሩ አየር በፓምፕ የሚመጠጥ ከሆነ፣ የናሙናውን ብልቃጥ አፍ በመርፌ በተበሳ የማጣሪያ ወረቀት መሸፈንና ሲጨረስ አየሩን ቀስ አድርጎ ማስገባት ያስፈልጋል። እኔ አንድ ጊዜ ቧንቧውን በችኮላ ከፍቼ የሁለት ሳምንት ሥራዬን ከዴሲኬተሩ ግድግዳ ላይ ጠርጌያለሁ።

በውሃ ለሚሟሙ ፔፕታይዶች (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) አቀዝቅዞ ማድረቅ ይስማማል፤ ከ611 ፓስካል በታች በሆነ ግፊት በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣልና።

ከመጠን በላይ ማድረቅም ስሕተት ነው። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ከክብደቱ 36 በመቶው ውሃ ሲሆን፣ ውሃውን በሙቀት ሲያጣ ነጭ ይሆናል፤ የምንመረምረው እንግዲህ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ለኤክስሬይ ምርመራ የተዘጋጀ ክሪስታል ደግሞ አሟሚውን ሲያጣ ሊሰባበር ስለሚችል፣ በበቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ቢቆይ ይመረጣል።

ናሙናውን እያደረቁ ደጋግሞ መመዘንና ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ኤንኤምአር (በማግኔት ኃይል በናሙናው ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች የሚለይ ምርመራ) ማንሳት ተገቢ ነው። ክብደቱ ቆሞም በዲዩተሬትድ ክሎሮፎርም (ሃይድሮጅኑ በከባድ ሃይድሮጅን በተተካ ክሎሮፎርም) አሟሙተን ባነሳነው ኤንኤምአር ላይ የዳይክሎሮሜቴን ምልክት 5.30 ፒፒኤም (የኤንኤምአር መለኪያ) ላይ ከታየ፣ አሟሚው በክሪስታሉ ውስጥ ታምቋል ማለት ስለሆነ፣ ዱቄቱን አድቅቆ እንደገና ማድረቅ፣ ካልሆነም የአሟሚውን ድርሻ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።