የድንጋይን ውስጥ በድምፅ እንዴት እንመረምራለን?

ልምድ ያለው ግንበኛ ድንጋይ ሲመርጥ ዓይኑን ብቻ አያምንም። በመዶሻው ኳ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ይወስደዋል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ወደ ጎን ይገፋዋል። የአልትራሳውንድ መሣሪያም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ድምፁን በአንድ በኩል ይልካል፣ በሌላው በኩል ይቀበላል፣ የፈጀበትን ጊዜ ይነግረናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ በውኃ ውስጥ 1,480 ገደማ ይሄዳል። በጠጣር የኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን ከ5,000 ሊያልፍ ይችላል። ስንጥቅና ቀዳዳ ሲበዛ ይዘገያል።

በቅድሚያ 10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ፊቶቹ ትይዩና ለስላሳ የሆኑ ቁራጭ አስቆርጡ። ከዚያ በ105 ዲግሪ ምድጃ ለ24 ሰዓት አድርቁትና አቀዝቅዙት። የድሬ ፀሐይ ይበቃዋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ቀዳዳው ውስጥ ውኃ ከቀረ ፍጥነቱ ይጨምርና ደካማው ድንጋይ ጎበዝ ይመስላል።

ርዝመቱን በካሊፐር (በጥቃቅን ልክ የሚለካ የርዝመት መለኪያ) ሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

ቀጥሎ መሣሪያውን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ዘንግ አስተካክሉ፤ ጊዜው ዘንጉ ላይ ተጽፏል። እኔ አንዴ ገመድ ቀይሬ ይህን ረሳሁና ግማሽ ቀን የለካሁት ሁሉ ገደል ገባ። ከ20 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ላይ 1 መሳሳት 5 በመቶ ስህተት ነው።

አሁን ቅባቱ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው። በትራንስዱሰሩ (ድምፁን በሚልከው ወይም በሚቀበለው የመሣሪያው ጫፍ) እና በድንጋዩ መሃል ስስ አየር ከቀረ ድምፁ አያልፍም ማለት ይቻላል። ጄል ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሁለቱን ትራንስዱሰሮች ፊት ለፊት አጥብቃችሁ ያዙ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። በቀትር ሙቀት ቫዝሊን ስለሚቀልጥ እኔ የምለካው በጠዋት ነው።

ስሌቱ ርዝመትን ለጊዜ ማካፈል ነው። 10 ሴንቲሜትር በ20 ማይክሮ ሰከንድ ካለፈ 5,000 ሜትር በሰከንድ ነው። 28 ከፈጀ ወደ 3,570 ይወርዳል። በሦስት አቅጣጫ ለኩ፤ ከንብርብሩ ጋር ሲሄድ ይፈጥናል፣ ንብርብሩን ሲያቋርጥ ይዘገያል። ልዩነቱ ከሰፋ ስንጥቅም ሊኖር ይችላል።

ስለ ድግግሞሽም፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ አንድ ነገር ልበል። በ54 ኪሎ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት እዚህ ድንጋይ ውስጥ 9 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ለትንሽ ቁራጭ ይበዛል። 150 ኪሎ ኸርዝ ወይም ከዚያ በላይ ምረጡ። ፍጥነቱን ወደ ጥንካሬ ለመቀየር ደግሞ ከዚያው ድንጋይ ጥቂት ናሙናዎች በማሽን ሰብራችሁ አወዳድሩ። የሌላ አገር ድንጋይ ቀመር አትዋሱ።

ሐረር ላይ የጀጎል ግንብ ፊት ብትቆሙ ግን ቆርጦ ናሙና መውሰድ የለም፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከፈቃድ በኋላ ሁለቱንም ትራንስዱሰር በአንዱ ድንጋይ አንድ ፊት ላይ አስቀምጡና ርቀቱን 5፣ 10፣ 15 ሴንቲሜትር እያደረጋችሁ ጊዜውን መዝግቡ። ነጥቦቹ ቀጥ ካለው መስመር ድንገት ከዘለሉ መሃል ላይ ስንጥቅ አለ። ቫዝሊኑን ግን ቤት ተዉት፤ ድንጋዩ ይመጠውና እድፉ አይለቅም። ለዚህ ያለ ቅባት የሚሠሩ ሹል ጫፍ ትራንስዱሰሮች አሉ።