የቤዛዊትን ዳገት ገና ከግርጌው አትሩጡት

ጠዋት ጠዋት ለስፖርት ባሕር ዳር ወዳለው የቤዛዊት ኮረብታ የምትወጡ፣ እባካችሁ ዳገቱን እንደጀመራችሁ ሩጫ አትግቡ።

ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ጉልበት ለ10 ሰከንድ ያህል ጠንካራ ሩጫ ብቻ ነው የሚበቃው። ከዚያ ሰውነት ያለ በቂ ኦክስጅን ስኳር ወደ ማቃጠል ይገባል። ይሄኛው ፈጣን ነው፣ ግን ብዙ አይዘልቅም። ልብና ሳንባ ደግሞ የሚፈለገውን ኦክስጅን አሟልተው ለማድረስ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይወስድባቸዋል። መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው፣ ጭን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። አቅም ስለሌላችሁ አይደለም!

ስለዚህ ሜዳው ላይ 10 ደቂቃ ያህል ፈጠን ባለ እርምጃ ሂዱ። ዳገቱ ላይ ከጓደኛችሁ ጋር ሳትቆራርጡ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ካቃታችሁ ቀንሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ካላችሁ በተለይ እሱን አታጣድፉት።

ጫፍ ስትደርሱም ቀጥ አትበሉ። ደሙን ከእግር ወደ ልብ ሲገፋ የነበረው ጡንቻ ድንገት ሲቆም ራስ ያዞራል። ትንሽ ወዲያ ወዲህ በሉ። ደረታችሁን ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ከተሰማችሁ ግን ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።