ለ226 ኪሎ ሜትር ወረፋ የሚያዘው ለምንድን ነው? እናንተስ የቱ ጋ ትሰለፉ?

ሰኞ ጠዋት ነው፤ ደቡብ ጀርመን ውስጥ፣ ሮት የምትባል 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ። ትናንት እሑድ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝተው፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድተው፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን ሮጠው የጨረሱ ሰዎች ዛሬ ደረጃ መውረድ አቅቷቸዋል። የብረቱን መደገፊያ ጨብጠው፣ ዞረው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ወደ ኋላ ነው የሚወርዱት። ወዴት እየሄዱ ይመስላችኋል? ለሚቀጥለው ዓመት ሊመዘገቡ! ወረፋ ሊይዙ!

እኔ የምኖረው ኑረምበርግ ነው፤ ሮት በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት። ይህን ሰልፍ መጀመሪያ ያየሁ ቀን «እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው?» ብዬ ስቄ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ ውሃ አደልኩ፣ አንዴ ደግሞ በቅብብል ማራቶኑን ሮጥኩ፣ አሁን አልስቅም። ይልቅ «ረጅም ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ላይ) ልሞክር፣ የቱን ልምረጥ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እየበዛ ስለመጣ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙ። ርቀቱ የትም ቦታ ያው ነው፣ 226 ኪሎ ሜትር። ሆኖም አንዱ ውድድር ተመዝጋቢ ፍለጋ እስከ መጨረሻው ሳምንት ማስታወቂያ ሲነዛ ሌላው በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ልዩነቱ ያለው ርቀቱን በከበበው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሰው ወደዚያ ውድድር ለምን እንደሚጎርፍ እወቁ፤ ከዚያ የእነሱ ምክንያት የእናንተም መሆን አለመሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ሳያጣሩ ስም ብቻ ሰምተው የከፈሉና በአሥረኛው ሰዓት ላይ «ምን ልሠራ ነው የመጣሁት?» ያሉ ሰዎች አይቻለሁ። ውሃ ሳቀብላቸው ነው የነገሩኝ።

ስሙን ፈልጎ የሚሄድ

ነገሩ ከጥንትም በጉራ ነው የጀመረው። ስድብ አይደለም፣ የተመዘገበ ታሪክ ነው። ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ዋናተኛ፣ ሯጭና ብስክሌተኛ «ከሁላችን ጠንካራው ማነው?» ብለው ይከራከራሉ። ጆን ኮሊንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ከባለቤቱ ከጁዲ ጋር ሆኖ በደሴቲቱ ላይ የነበሩትን ሦስት ውድድሮች ገጣጥሞ አንድ አደረጋቸው፤ ቀድሞ የጨረሰውን «አይረንማን»፣ «የብረት ሰው» እንለዋለን አለ። በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) 15 ሰዎች ተነሡ፣ 12 ጨረሱ። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣውማ አጃቢዎቹ ውሃ አልቆባቸው ቢራ ነው የሰጡት። ለተወዳዳሪዎቹ በታደለው ወረቀት ላይ ርቀቶቹ ከተዘረዘሩ በኋላ የተጻፈው በእኛ አነጋገር «ከዚያ ዕድሜ ልካችሁን ጉራችሁን ንዙ» እንደማለት ነው። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አልተጻፈም።

በ1982 ደግሞ ጁሊ ሞስ የምትባል የ23 ዓመት ተማሪ እየመራች መጥታ መድረሻው አጠገብ እግሯ ከዳት። ወደቀች፣ ተነሣች፣ እንደገና ወደቀች። ሌላዋ አለፈቻት፣ እሷ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ሁለተኛ ገባች። ይህ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። ይህን አይቶ የሚሸሽ ሰው ይኖራል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል፤ «እኔስ እጨርሰው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ከሶፋው አስነሣው!

ውድድሩ ከ1981 ጀምሮ በሌላዋ የሃዋይ ደሴት፣ ኮና ከተማ ላይ ሆነ። ዛሬ ኮና ገንዘብ ስላላችሁ ብቻ አትገቡም። ሌላ አይረንማን ላይ በዕድሜ ክልላችሁ ከፊት ገብታችሁ ቦታ ማግኘት አለባችሁ። ድሮ በእጣም ይገባ ነበር፤ ለእጣው ገንዘብ ይከፈል ስለነበር ግን የአሜሪካ መንግሥት «ይህ ሕገ ወጥ ሎተሪ ነው» ብሎ በ2015 አዘጋጁን ድርጅት ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለው። ልብ በሉ፣ ገንዘቡ የመጣው ለመሰቃየት እድል ከሚገዙ ሰዎች ነው።

ምክራችን ምንድን ነው? ኮና የመጀመሪያ ውድድር አይሆንም። ስሙ ከሆነ የሳባችሁ ግን አይረንማን የሚል ምልክት ያለው ሌላ ውድድር ምረጡ። መድረሻው ላይ የሚጮኸው ቃል ያው «አይረንማን ነህ!» ነው፣ የአብዛኞቹ የጊዜ ገደብም እዚያው 17 ሰዓት አካባቢ ነው።

ሰው ፈልጎ የሚሄድ

ሮት እዚህ ይገባል። በግል የሚወዳደረው 3,500 ያህል ነው፣ በቅብብል ደግሞ 650 ገደማ ቡድን። ተመልካቹ ግን ከ200 ሺህ ይበልጣል፤ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለውም ከ7,000 በላይ ነው።

ቁጥር ምንም አያሳይም፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። ሂልፖልትሽታይን የምትባል ከተማ ጫፍ ላይ ሶላረር ቤርግ የሚሉት ዳገት አለ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቆሜያለሁ እንበል። መንገዱ አይታይም። እውነቴን ነው፣ አስፋልቱን ሰው ሞልቶታል። ብስክሌተኛው ሲመጣ ሰዉ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ይከፍትለታል፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ይዘጋል። ከበሮ አለ፣ ቃጭል አለ፣ የሚጮኸው ሰው አፍ ከብስክሌተኛው ጆሮ አንድ ክንድ አይርቅም። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ፊቱ በእንባ ታጥቦ፣ እየሳቀ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሰውዬው አንደኛ አልነበረም፣ አምስት መቶኛም አልነበረም። እንደ አትሌት ያየው ሰው ግን ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ላይ በታላቁ ሩጫ ቀን የዓመቱን ቲሸርት ለብሳችሁ ከመስቀል አደባባይ የተነሣችሁ ታውቁታላችሁ። ለ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ያ ሁሉ ሰው የሚወጣው? ለጭፈራው ነው እንጂ። ሮትም ያው ነው፣ በጀርመንኛ።

ማታ ደግሞ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ስታዲየሙ አይበተንም፣ ለኋለኞቹ ርችት ይተኮሳል። ሰኞ ጠዋት ወረፋ የሚያስይዘው ይህ ነው። ፈጣን መሆኑም ይረዳል። የሚዋኘው ማዕበል በሌለው ቦይ ውስጥ ነው፣ መንገዱም ለፍጥነት ይመቻል። ማግኑስ ዲትሌቭ በ2024 እዚህ በ7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ጨርሷል፤ አን ሃውግ በዚያው ቀን በ8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ። ለእኔና ለእናንተ ግን ሰዓቱ ጉርሻ ነው።

መከራ ፈልጎ የሚሄድ

የኖርዌዩ ኖርስማን የተገላቢጦሽ ነው። ጭፈራ የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከመርከብ ወደ ቀዝቃዛው ሃርዳንገር ፊዮርድ ትዘላላችሁ፣ ስትጨርሱ ጋውስታቶፐን የሚባል ተራራ ላይ ናችሁ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አልፎ። ቦታው 250 ያህል ብቻ ስለሆነ እንደ ኮንዶሚኒየም በእጣ ነው የሚታደለው። ተራራው ላይ መውጣት የሚፈቀድላቸው 160ዎቹ ቀዳሚዎች ጥቁር ቲሸርት ያገኛሉ፤ ሌሎቹ በሌላ መንገድ ይጨርሱና ነጭ ይሰጣቸዋል። አዎ፣ ለቲሸርት ቀለም! ታዲያ አጃቢ መኪናና አብሯችሁ የሚሆን ሰው ራሳችሁ ይዛችሁ መሄድ ግዴታ ነው። ቀኑን ሙሉ ምግብ የሚያቀብል፣ ደረቅ ካልሲ የሚያለብስ ወንድም ወይም ጓደኛ ከሌላችሁ እጣውንም አትሞክሩ።

እሺ፣ እንዴት ልምረጥ?

አሥራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ሆናችሁ አስቡ። ጀርባችሁ ደርቋል፣ ጣፋጭ ነገር ሲያዩ ያቅለሸልሻችኋል፣ 20 ኪሎ ሜትር ሩጫ ቀርቷል። በዚያች ሰዓት የሚያስኬዳችሁ ምንድን ነው? የሰው ጩኸት ከሆነ ሕዝብ ወዳለበት ሂዱ። ሰው ሲበዛ የምትጨነቁ ከሆናችሁ ሮት ያደክማችኋል፤ ጸጥ ያለ መንገድ ያለው፣ ቦታ የማያልቅበት ውድድር ይሻላችኋል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ልጆችና ባለቤታችሁን ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት ተመልካች በእግሩ ሊደርስባችሁ የሚችል፣ ዙሩ የሚደጋገም መንገድ ፈልጉ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትረው ለሦስት ሴኮንድ ካዩአችሁ የሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ የለም።

ቀጥሎ ውሃው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ሩጫውን ይንቃል፣ ብስክሌቱን ይለምዳል፣ ዋናው ላይ ይሰምጣል። ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ካደግን በኋላ ነው፣ ያውም ከተማርን። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ በሐይቅ ወይም በባሕር፣ የገንዳ ግድግዳ ሳትይዙ፣ ሳትቆሙ 2 ኪሎ ሜትር መዋኘት እስክትችሉ ድረስ ለሙሉ ርቀት አንድ ሳንቲም አትክፈሉ። ገንዳ ውስጥ ጎበዝ መሆን ሌላ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ከታች የሚታይ መስመር የለም፣ የሌላው ሰው ተረከዝ አፍንጫችሁን ይመታል። ለጀማሪ ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ የጎማ የዋና ልብስ) የሚፈቀድበትን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ምረጡ፤ ልብሱ ያንሳፍፋል።

ሌላው የጊዜ ገደቡ ነው። አጠቃላዩን ብቻ ሳይሆን የዋናውንና የብስክሌቱን ለየብቻ አንብቡ። ሰው ከውድድር የሚወጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ከመረጣችሁ በኋላ መግባቱ

ቢያንስ ከዓመት በፊት ጀምሩ። ሮትን ለምሳሌ ብንወስድ ለዓመታት መንገዱ እንዲህ ነበር፦ ከውድድሩ ማግስት ሰኞ በአካል ወረፋ፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በኢንተርኔት ሽያጭ፣ አለዚያም ከአዘጋጁ ጋር በሚሠሩ አስጎብኚዎች በኩል ከሆቴል ጋር። ደንቡ ሊቀየር ስለሚችል የዘንድሮውን ከራሱ ከውድድሩ ገጽ አንብቡ።

የኢንተርኔቱ ሽያጭ ከደቂቃ በታች ነው የሚያልቀው። እኔ አንድ ዓመት ሁሉን አዘጋጅቼ፣ ቡናዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ገባሁ፣ ቦታም ያዝኩ፤ ባንኬ የማረጋገጫ ኮዱን በስልክ እስኪልክልኝ ግን ቦታው አመለጠኝ። ኮዱ የመጣው ቡናው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ስለዚህ አካውንታችሁን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ካርዳችሁን ከቀናት በፊት በሌላ ትንሽ ግዢ ሞክሩት፣ የባንኩን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁ። ከማታውቁት ሰው «ቦታ አለኝ፣ ልሽጥልህ» የሚል መልእክት ከመጣ እለፉት፤ አብዛኞቹ ውድድሮች ስም ማዛወር አይፈቅዱም፣ የሚፈቅዱትም በራሳቸው በኩል ብቻ ነው። የከፈላችሁት ብዙ መቶ ዩሮም በአብዛኛው አይመለስም፤ የመሰረዣ ደንቡን ሳታነቡ አትጫኑ።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ የቪዛ ቀጠሮ ከልምምድ እንደሚብስ ታውቃላችሁ። ለእናንተ ግማሹን ርቀት ቅርብ ቦታ ላይ ሞክሩ እላለሁ። ሩዋንዳ፣ ሩባቩ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር ከ2022 ጀምሮ 113 ኪሎ ሜትሩ አይረንማን ይካሄዳል፤ ለአፍሪካ ዜጎች ሩዋንዳ አስቀድሞ የሚወጣ ቪዛ አትጠይቅም፣ ከፍታውም ለእኛ ሰው አይከብድም። ዳገቱ ግን አለ! የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ባሕሬን ውስጥ ተመሳሳይ ውድድር ሲካሄድ ቆይቷል።

ዋና የማይችልስ?

በቅብብል ግቡ። አንዱ ይዋኛል፣ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይሮጣል። ዋናተኛና ብስክሌተኛ ኖሯቸው ማራቶን የሚሮጥላቸው ያጡ ቡድኖች በየዓመቱ አሉ፤ ከተማችሁ ውስጥ ያለ የትራያትሎን ክለብ ሄዳችሁ «ሯጭ ነኝ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ» በሉ። የሚጠብቁት ሰዓት ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ቶሎ ንገሯቸው፣ እኔ ሳልነግራቸው ቀርቼ በጣም አፍሬያለሁ። ሁሉም ኢትዮጵያዊ ኃይሌ ይመስላቸዋል።

ሮት ላይ በቅብብል የሮጥኩ ቀን፣ ብስክሌተኛችን ሲመጣ ሰዓታችንን የሚመዘግበውን ቺፕ ከቁርጭምጭሚቱ ፈትቶ ሰጠኝ። ማሰሪያው በላብ ርሶ ይሞቅ ነበር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ በግድ አሰርኩት። ከቦዩ ዳር 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ መራመድ ጀመርኩ። አንዲት አሮጊት ወንበሯን አስፋልቱ ዳር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አንብባ፣ አሳስታ ጠራችኝና አንድ ብርጭቆ ኮላ ዘረጋችልኝ። ጠጥቼ ሮጥኩ። ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወረፋው ላይ ነበርኩ፤ ከፊቴ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል።