ቫዜክቶሚ ከማሰራትህ በፊት ማወቅ ያለብህ (ድሬና ሐረር ላላችሁ)

ሰላም፣ ይሄን የምጽፈው ሶስት አራት ልጅ ወልዳችሁ ከሚስታችሁ ጋር "በቃን" ላላችሁ አባቶች ነው። እኔ ቫዜክቶሚ (ወንድ እንዳያስወልድ የዘር ቱቦው የሚቆረጥበት ቋሚ መከላከያ) ካሰራሁ አመት ከምናምን ሆኖኛል። ከማሰራቴ በፊት ቁጭ ብሎ በአማርኛ በግልጽ የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ብዙ ስለተንገላታሁ የደረሰብኝንም ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝንም እዚህ ላስቀምጠው።

ያነሳሳኝ የሚስቴ ነገር ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌውን ስትወጋ ደም እየፈሰሳት ወር ሙሉ አይቆምም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ሞከረች እሱም እንደዛው፣ እንክብሉን ደግሞ ደም ግፊት ስላላት ከለከሏት። ሶስተኛ ልጃችንን ስትወልድ በግፊቱ ምክንያት ልናጣት ነበር። ያኔ ነው ሁሌ እሷ ላይ ብቻ ለምን ይጫናል ያልኩት። ይሄ ደግሞ የኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተሰራው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ካገቡ 100 ሴቶች ውስጥ 23ቱ ገደማ መርፌ፣ 8ቱ ገደማ የክንዱን ይጠቀሙ ነበር፣ የወንዱ ቋሚ መከላከያ ግን ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። የሴቷን ቱቦ ለማስቋጠር ደሞ ሆድ መግባት ያስፈልጋል፣ የወንዱ በጣም ቀላልና አደጋውም ያነሰ ነው።

አሁን ዋናውን ፍርሃት እናውራ። ለአንድ ጓደኛዬ በርጫ ላይ ስነግረው ጫቱን ከአፉ አውጥቶ "አቦ ሙክት ልትሆን ነው እንዴ?" ነው ያለኝ። አልተቀየምኩትም ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያስበው እሱን ነው። ሙክት ሲደረግ ፍሬው ራሱ ይቀጠቀጣል ወይ ይወጣል፣ ወንድነት የሚሰጠው ሆርሞን የሚመረተው እዛ ስለሆነ ፍየሉ ይሰክናል ይሰባል። ቫዜክቶሚ ግን ፍሬህን ጭራሽ አይነካም። የሚቆረጠው ከፍሬው ስፐርም (የዘር ህዋስ) ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ነው፣ በቀኝ አንድ በግራ አንድ። ሆርሞኑ ደግሞ በዛ ቱቦ አይሄድም፣ በቀጥታ ወደ ደም ነው የሚገባው። ስለዚ ፍላጎትህ፣ ድምጽህ፣ ጺምህ፣ መቆሙም ባለበት ነው። ስትጨርስ የሚወጣው ፈሳሽም አይቀርም፣ አብዛኛው የሚመጣው ከፕሮስቴትና ከሌሎች እጢዎች ነው፣ ስፐርሙ በውስጡ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ በአይን ልዩነቱ አይታወቅህም። ፍሬህ ስፐርም ማምረቱን ይቀጥላል፣ ሰውነትህ እዛው ይመጠዋል፣ ተጠራቅሞ አይፈነዳም (ይሄንንም የጠየቀኝ ሰው አለ)።

ሁለተኛው ነገር፣ ይሄ ቋሚ ነው። ይቀጠልልኛል ብለህ እንዳትገባበት። መልሶ መቀጠል የሚባል ኦፕሬሽን አለ ግን ረቂቅ ስራ ነው፣ ውድ ነው፣ ቢቀጠልም መውለድህ እርግጠኛ አይደለም፣ ከተሰራህ የቆየህ በሆንክ ቁጥር ደሞ እድሉ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። "ምናልባት" የሚል ቃል በሆድህ ካለ ተወው፣ ለሚስትህ ማህጸን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ አለ፣ ለአስር አመትና ከዛ በላይ የሚያገለግል፣ ስትፈልጉ የሚወጣ። በለጋ እድሜያቸው ያሰሩ ወንዶች ኋላ ላይ የመጸጸት እድላቸው ከፍ ይላል። ከሚስትህ ጋር በተጣላህበት ሰሞን፣ ስራ ባጣህበት ሰሞን፣ ወይ ሚስትህ እርጉዝ ሆና ገና ሳትወልድ ባትወስን ይሻላል።

ከማሰራቴ በፊት ከሚስቴ ጋር በሄድንበት የምክር አገልግሎት ላይ ሲስተሯ የጠየቀችን ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ወንድሜ፣ ክፉ አይንካችሁና፣ ልጆቹ ላይ አንድ ነገር ቢመጣስ? ትዳሩ ባይሆንና ሌላ ብታገባስ?" እኛ አገር እንደዚህ አይነት ነገር በአፍ አይወጣም፣ ሚስቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ብዙ ዝም አለች፣ በኋላ "እሱ አያምጣው እንጂ፣ የሄደ ልጅ በሌላ ልጅ አይተካም" አለች። ያን ቀን አልፈረምንም። ወደ ቤት ሄደን ሁለት ወር ቆይተን ነው የተመለስነው፣ እናንተም ጥያቄውን ቤታችሁ ሆናችሁ ለራሳችሁ ጠይቁት። የሃይማኖት ጉዳይም ስላለበት ኋላ ሰላም ከሚነሳህ ቀድመህ ከንስሐ አባትህ ወይ ከሼኽህ ጋር ተነጋገር።

የት ይሰራል ለምትሉኝ፣ የቤተሰብ ምጣኔ በመንግስት ጤና ተቋም በነጻ ነው፣ ስለዚ ድሬ ከሆንክ ድል ጮራ ወይ ሳቢያን፣ ሐረር ከሆንክ ሕይወት ፋና ወይ ጁገል ሄደህ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን ጠይቅ። የቤተሰብ መምሪያ ማህበርንና ማሪ ስቶፕስንም (አሁን ስሙ ኤም ኤስ አይ ኢትዮጵያ ነው) ጠይቅ። ለዚህ ስራ የሰለጠነ ባለሙያ ሁሌ ቁጭ ብሎ ስለማይጠብቅህ ሰው ልከህም ሆነ ደውለህ ቀኑን አረጋግጥ። ባለሙያውን ሶስት ነገር ጠይቀው፣ በምላጭ ነው ያለምላጭ፣ ስንት ሰው ሰርተሃል፣ ማታ ቢያብጥብኝ ማን ጋ ነው የምደውለው። ያለምላጭ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1974 ቻይና ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው፣ ቆዳውን በሹል መሳሪያ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ነው የሚሰራው፣ ደሙም እብጠቱም ያንሳል፣ ስፌትም ብዙውን ጊዜ የለውም።

ከመሄድህ በፊት ቡአ ካለብህ፣ ፍሬህ አካባቢ እብጠት ወይ ቁስል ካለ፣ ስኳር ካለብህ፣ ደም ቶሎ የማይቆምልህ ከሆነ፣ ማደንዘዣ ተቆጥቶህ የሚያውቅ ከሆነ ንገራቸው። አስፕሪን ወይ ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ በተለይ ንገራቸው፣ ግን ለልብ ወይ ለስትሮክ የታዘዘልህን መድሃኒት ሐኪምህን ሳታማክር በራስህ እንዳታቆም። ጫት እንደምትቅምም አትደብቅ፣ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ በዛ ቀን ደሞ ባትቅም ነው የሚሻለው። ታጥበህ፣ አካባቢውን ተላጭተህ፣ ጥብቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይዘህ ሂድ፣ የላላው አይሆንም፣ ፍሬው ተደግፎ መያዝ አለበት።

ስራው ራሱ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። ትተኛለህ፣ በቀዝቃዛ ነገር ያጥቡሃል፣ ከዛ የማደንዘዣ መርፌ፣ እሷ ትቆነጥጣለች፣ ከሁሉም የሚያመው እሷ ናት። ቱቦውን በጣት ፈልጎ ሲይዘው ይሰማሃል፣ ቆዳው ስር እንዳልተቀቀለ ፓስታ ደረቅ ያለች ነገር ናት። ሲስባት ህመም አይደለም ግን እስከ ሆድህ ድረስ ጎተት የሚያደርግ ስሜት አለው፣ እኔ ያንን ማንም ስላልነገረኝ ደንግጬ ተነስቼ ልቀመጥ ነበር። ቆርጦ ጫፉን ያቃጥለዋል ወይ ይቋጥረዋል፣ ከዛ በራስህ እግር ወደ ቤት።

የድሬ ሰው ከሆንክ ወሩን ምረጥ። ግንቦትና ሰኔ ላይ 35 ዲግሪ ውስጥ ጥብቅ ሱሪ አድርገህ ቁስል ይዘህ መተኛት ስቃይ ነው፣ እኔ ጥር ላይ ነው ያሰራሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ተኛ፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልለህ ሃያ ደቂቃ አድርገህ አንሳ፣ ከሰፈር ሱቅ የሚሸጠው በላስቲክ የረጋ ውሃ በቂ ነው፣ በቀጥታ ቆዳህ ላይ ግን እንዳታደርገው። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ አስፕሪን አትውሰድ።

እዚህ ላይ የኔን ስህተት ልንገራችሁ። ሶስተኛው ቀን ላይ ደህና ነኝ ብዬ ውሃ መጥፋቱን ሰምቼ ሁለት ጄሪካን አንስቼ ደረጃ ወጣሁ። ማታውን አንደኛው ጎኔ ሎሚ አክሎ ጠቆረ፣ ውስጥ ደም ፈሶ ነው፣ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚ ቢሮ የምትሰራ ከሆነ ሁለት ሶስት ቀን፣ እቃ የምታወርድ የምትጭን ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ፈቃድ ውሰድ። ባጃጅና ሞተር የምትነዳም እንደዛው፣ ኮብልስቶኑ ላይ መንቀጥቀጡ ቀላል አይደለም። በርጫ ላይ ጉልበትህን አጥፈህ ምንጣፍ ላይ አምስት ስድስት ሰአት መቀመጡም ለሳምንት ይቅር። ትኩሳት 38 ካለፈ፣ መግል ካየህ፣ እብጠቱ እያደገ ከሄደ ወይ ደሙ አልቆም ካለ ነገ እሄዳለሁ አትበል። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ደግሞ ለወራት የሚቆይ ህመም ሊመጣ ይችላል፣ ይሄንንም አውቀህ ግባ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ነገር፣ በተሰራህበት ቀን መከላከያ የለህም! ከተቆረጠው ቦታ በላይ ያለው ቱቦ ውስጥ የቀረ ስፐርም አለ፣ እሱ እስኪያልቅ ሶስት ወር ገደማ ይፈጃል። እኔን የሰሩኝ ቦታ "ጨርሰሃል" ብለው ሸኙኝ፣ ስለ ሶስቱ ወርም ስለ ምርመራውም አንድ ቃል አልነገሩኝም፣ እንደ እድል ሆኖ ያቺ የምክሯ ሲስተር ቀድማ ነግራን ነበር። እሷ ባትኖር አራተኛ ልጅ መጥቶ ሚስቴ ላይ ያ ግፊት ይመለስ ነበር፣ እኔም በማታውቀው ነገር እጠረጥራት ይሆናል፣ ስንት ትዳር በዚህ ይፈርሳል። ከሳምንት በኋላ ደህና ከሆንክ ግንኙነት ትችላለህ፣ መጀመሪያ አካባቢ ፈሳሹ ላይ ትንሽ ደም ብታይ አትደንግጥ፣ ግን በኮንዶም ወይ ሚስትህ የምትጠቀመውን ሳታቆም። ከኤች አይ ቪና ከአባላዘር በሽታ ደግሞ ቫዜክቶሚ መቼም አይከላከልም።

ሶስት ወር ሲሞላ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ታደርጋለህ። ላቦራቶሪው እቃውን ይሰጥሃል፣ ናሙናውን ቤት ከወሰድክ በአንድ ሰአት ውስጥ መድረስ አለበት፣ መቀዝቀዝም መሞቅም የለበትም። እኔ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ብልቃጧን ሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ ይዤ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ውጤት ላይ የሚንቀሳቀስ ስፐርም ተገኘ። ደንግጬ ነበር፣ ባለሙያው ግን አንዳንድ ሰው ላይ ይዘገያል ብሎ በወሩ ተመለስ አለኝ፣ በኮንዶም ቀጠልን። በወሩ ስመለስ ወረቀቱ ላይ ዜሮ ነበር የተጻፈው። ከዛ በኋላም ቢሆን ከብዙ ሺ ሰው አንዳንድ ሰው ላይ ቱቦው ራሱን ሊያገናኝ ይችላል፣ የሚስትህ ወር አበባ ከቀረ እሷን ከመጠርጠርህ በፊት ሄደህ እንደገና ተመርመር። ያቺን ወረቀት ሚስቴ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጣታለች፣ ኮንዶሙን የተውነው ያን ቀን ማታ ነው።