«ለበኋላ ብዬ እኮ ነው»፦ ዋርክራፍት 3 ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው አርብ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሰፈር እየሠሩ፣ ሠራዊት እየመሩ የሚዋጉበትን የኮምፒውተር ጌም፣ ዋርክራፍት 3ን ተጫወትን። እሱ ሰዎቹን ያዘ፣ እኔ ሙታኑን። ሰፈሩ ስደርስ መግቢያውን በግንብ ደርድሮታል። ሬሳ የሚወረውሩትን ጋሪዎቼን ራቅ አድርጌ አቆምኳቸው። የጋሪዎቹ ምት ግንቦቹ ጋ ይደርሳል፣ የግንቦቹ ቀስት ግን ጋሪዎቹ ጋ አይደርስም። ግንቦቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ጨዋታው ሲያልቅ ስክሪኑን ዞር ብዬ አየሁት። ከ2,000 በላይ ወርቅ ሳይነካ ተቀምጧል።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ለበኋላ ብዬ እኮ ነው።»

ይህን «ለበኋላ» በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ የተሸነፍኩት በሱ ነው። ዋርክራፍት 3 በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ቀጣዩ ፍሮዝን ትሮን ደግሞ በ2003 ተከተለው፤ ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ጌም ሰፈርህን አጥረህ ሠራዊት እስክታከማች የሚጠብቅህ ዓይነት አይደለም። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ውጣ ይልሃል።

ወርቅ ማጠራቀም፣ ወይም ሳያስቡ ከ50 ማለፍ

ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ግን የሚመጡት ሒሳቡን ካለማወቅ ነው። ሠራዊታችሁ የሚበላው ምግብ ከ50 እስካልበለጠ ድረስ ሠራተኛ በአንድ ምልልስ 10 ወርቅ ያስገባል። 51 ስትደርሱ ያው ምልልስ 7 ወርቅ ብቻ ይሆናል። ከ80 ካለፋችሁ 4። ቀሪውን የሠራዊቱ ቀለብ በላው ማለት ነው። ማዕድኑ ግን ያው 10 ይቀነስበታል። ስለዚህ 90 ምግብ ሠራዊት ይዞ ሰፈሩ ውስጥ የቆመ ሰው፣ ቆሞ እየደኸየ ነው።

እኔ የምመክረው 50 ላይ ረጋ ማለትን ነው። እዚያ ላይ ሆናችሁ የሚተርፈውን ወርቅ ወዲያው አውጡት፦ ዋናውን ሕንፃ አሳድጉ፣ ሁለተኛ ጀግና (እየተዋጋ ሌቨሉ የሚያድግ ልዩ ተዋጊ) ጥሩ፣ መሣሪያና ጋሻ አሻሽሉ፣ ሁለተኛ ማዕድን ያዙ። ከ50 የምታልፉት ልትዋጉ ስትነሱ ነው። የውጊያው ጥቅም ከሚቀርባችሁ ወርቅ ይበልጣል ብላችሁ ስታምኑ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የወርቅ ማዕድን ላይ አምስት ሠራተኛ ይበቃል። ስድስተኛው ወረፋ ከመጠበቅ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። እንጨት ላይ ላኩት።

ጀግናውን እንደ ማንኛውም ወታደር ማየት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጀማሪ መጀመሪያ የወታደር ማሠልጠኛ ይሠራል፣ ጀግናውን በኋላ ያስባል። የመጀመሪያው ጀግና እኮ ወርቅም እንጨትም አያስወጣም፤ በነጻ ነው! መጀመሪያ ጀግናው የሚወጣበትን መሠዊያ ሥሩ። ጀግናው እንደወጣ ሁለት ሦስት ወታደር አስከትሉትና ካርታው ላይ ያሉትን አራዊት ማደን ጀምሩ። ሚኒማፑ (ጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ ካርታ) ላይ አረንጓዴ ክብ ያለበት ቦታ ቀላል ነው፣ ብርቱካናማው ከበድ ይላል፣ ቀዩን ለኋላ ተዉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ገደብ አለ። ከተቃዋሚ ጋር በሚደረግ ግጥሚያ ጀግና ሌቨል 5 ከደረሰ በኋላ አራዊት በመግደል አያድግም። ከዚያ በላይ ለመውጣት የተቃዋሚውን ሠራዊት መግደል አለበት። ትልቁ ችሎታ ደግሞ የሚከፈተው ሌቨል 6 ላይ ነው። ሌቨል 5 ጀግና ይዞ አሁንም አራዊት የሚያሳድድ ሰው የሚያገኘው ወርቅና ዕቃ ብቻ ነው። ያኔ ወደ ጠላት መዞር ያስፈልጋል።

የጀግና ሞት ደግሞ ሦስት ጊዜ ያስከፍላል። ለማስነሳት ወርቅ ይወጣል፤ ሌቨሉ ባደገ ቁጥር ዋጋውም የመጠበቂያው ጊዜም ይጨምራል። እሱ በሌለበት ሠራዊቱ ግማሽ ሰው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የእናንተ ጀግና ሞት የተቃዋሚውን ጀግና ማሳደጉ ነው።

ለዚህ ነው ወደ ሰፈር የምትመልሰዋን ጥቅልል አትርሱ የምለው። ፍሮዝን ትሮን ላይ የመጀመሪያው ጀግና አንዷን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሌላ መግዛት 350 ወርቅ ነው። ጀግናውንም አጠገቡ ያሉትን ወታደሮችም ታመጣለች። ውጊያው እንደተበላሸ ሲገባችሁ ተጠቀሙባት። ወንድሜ ጥቅልሏን ይዞ፣ ጀግናው ደሙ እያለቀ፣ «ትንሽ ልቆይ» ሲል ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የተቃዋሚውን ሰፈር ሳያዩ ሠራዊት መምረጥ

እያንዳንዱ ምት የሚበረታበትና የሚደክምበት የጋሻ ዓይነት አለው። ፍሮዝን ትሮን ላይ የአስማት ምት ከባድ ጋሻ የለበሰን እጥፍ ይጎዳዋል። ቀስትና ጥይት ቀላል ጋሻ ያለውን እጥፍ ይጎዳሉ፣ መካከለኛ ጋሻ ያለው ላይ ግን ወደ 75 በመቶ ይወርዳሉ። ቀስተኞቹና ተኳሾቹ ራሳቸው መካከለኛ ጋሻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ቀስተኛን በቀስተኛ ከመግጠም መጥረቢያ የያዘ ኦርክ ማስጠጋት ይሻላል፤ የሱ ምት እዚያ ላይ 150 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ተቃዋሚው ምን እየሠራ እንደሆነ ካወቃችሁ ነው። በጊዜ አንድ ሠራተኛ ልካችሁ አስልሉ። ሌሊት ሲሆን ብዙዎቹ አራዊት ይተኛሉ፤ አጠገባቸው አልፎ ለመሄድ ያ ጥሩ ሰዓት ነው።

ታሪኩን መዝለል

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ግጥሚያ ይገባል፣ ታሪኩን «በኋላ እጫወተዋለሁ» ይላል። እዚህም «በኋላ» መጣች። የሚቀርበት ነገር ቀላል አይደለም።

ስትራቶልም ከተማን ልንገራችሁ። የሎርዳሮኑ ልዑል አርታስ የከተማው ሰው የተበከለ እህል እንደበላ ይደርስበታል። ሕዝቡ ገና ወደሚራመድ ሙት አልተለወጠም፣ ግን መለወጡ አይቀርም። አርታስ ከተማው ይጥፋ ይላል። መምህሩ ኡተር እምቢ ይላል፣ አስማተኛዋ ወዳጁ ጄይናም ጥላው ትሄዳለች። ከዚያ ማውሱ በእናንተ እጅ ነው። ቤቶቹን እያፈረሳችሁ የራሳችሁን ሕዝብ ትገድላላችሁ፤ ጋኔኑ ማልጋኒስ 100 ነፍስ ሳይሰበስብ እናንተ 100 መቁጠር አለባችሁ። መጀመሪያ ስጫወተው ቁጥሩ ላይ አፍጥጬ ስለነበር ምን እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ይህን በጽሑፍ ቢነግሩኝ አይሰማኝም ነበር። አርታስ የቸኮለበትን ችኮላ እኔም ቸኩዬዋለሁ።

ታሪኩን የዘለለ ሰው ሌላም ይሳሳታል። ኦርኮቹን ክፉ፣ ሰዎቹን ጥሩ አድርጎ ይከፍላል። ግሮም ሄልስክሪም የጋኔኑን የማኖሮትን ደም ጠጥቶ የወደቀ፣ በኋላም ያንኑ ጋኔን ገድሎ ሕዝቡን ነጻ ያወጣና እዚያው የሞተ ኦርክ መሆኑን አያውቅም።

በጣም የተለመደው ስህተት ግን ሊች ኪንግ፣ የሙታኑ ንጉሥ፣ ከመጀመሪያውም አርታስ ነው የሚለው ነው። በዙፋኑ በረዶ ውስጥ የታሰረው ኔርዙል የሚባል የኦርክ ሻማን ነው፤ ያሰረው ደግሞ የአጋንንት ጌታው ኪልጄደን። አርታስ ለረጅም ጊዜ የሱ አገልጋይ ነበር። ፍሮዝን ትሮን ላይ የሙታኑን ዘመቻ የሚጀምር ሰው አርታስን ሌቨል 10 አድርጎ ያገኘዋል፤ ዘመቻው እየገፋ ሲሄድ ግን ሌቨሉ ይወርዳል። አንድ ጓደኛዬ ጌሙ ተበላሽቷል ብሎ አጥፍቶ ከመጀመሪያው ጀምሮታል። አልተበላሸም። ዙፋኑ ስለተሰነጠቀ የኔርዙል ኃይል በስንጥቁ እየፈሰሰ ነው፤ የአርታስ ኃይልም ከጌታው የመጣ ስለሆነ አብሮ ይፈሳል። ለዚህ ነው ሁሉን ጥሎ ዙፋኑ ወዳለበት ወደ ኖርዝረንድ የሚሮጠው። በመጨረሻው ትዕይንት ወደ በረዶው ጫፍ ይወጣል፣ ዙፋኑን በሰይፉ ይሰብራል፣ የወደቀውን የራስ ቁር አንስቶ ይጭናል። አርታስ ሊች ኪንግ የሆነው ያኔ ነው።