የነጥብ ብየዳ መቁረጫን እንዴት መምረጥና መጠቀም ይቻላል

የመኪና ቦዲ ላሜራዎች እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በአብዛኛው በብሎን ሳይሆን በሺዎች በሚቆጠሩ የብየዳ ነጥቦች ነው። በፋብሪካው ሁለት የመዳብ ጫፎች ላሜራዎቹን ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲለቁባቸው ብረቱ በመካከል ቀልጦ አንድ ይሆናል። የተጎዳውን ላሜራ በመሮና በመዶሻ መገንጠል ከሥር ያለውን ጤነኛ ላሜራ ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን ላሜራ የሚይዝ ደህና ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያነጣጥረው የላዩን ቆርጦ የታችኛውን ሳይነኩ መተው ላይ ነው።

በተራ ፑንታ (የብረት መብሻ ጫፍ) ለምን አይሠራም? ጫፉ በ118 ዲግሪ የሾለ ስለሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ፑንታ ሙሉ ስፋቱን ከመቁረጡ በፊት ሹሉ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የቦዲው የውጭ ላሜራ ውፍረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የላዩ ተቆርጦ ሳያልቅ የታችኛው ተበስቷል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የተሠሩት መቁረጫዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዙሪያው ጥርስ ያለው ክብ መቁረጫ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚገፋ መሪ ሹል አለው። ብየዳውን ዙሪያውን ይከብበዋል እንጂ አያነሳውም። በዋጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) ትንሽ ካዘመመ ጥርሱ ይሰበራል። ሁለተኛው ፑንታ ይመስላል፤ ጫፉ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ሹል ብቻ ብቅ ብላለች። ብየዳውን ራሱን እየላገ ያወጣል፣ ሲደንዝም ይሳላል። አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ኮባልት ያለበትን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ጫፍ ይምረጡ። ትልልቅ ለሆኑ ወይም ቅርጻቸው ለተዛባ ነጥቦች ባለ 10 ሚሊ ሜትር ይጠቅማል። በሮችን በሚለየው የመሐል ምሰሶ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቦሮን ያለበት እጅግ ጠንካራ ብረት ግን ኮባልቱን ወዲያው ያደነዝዘዋል፤ እዚያ ከዚያ የሚጠነክር የካርባይድ መቁረጫ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ክፍል የአምራቹን የጥገና መመሪያ ሳያዩ መንካት የተሳፋሪን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ይፍቱ። ኤርባግ አጠገብ ከሆነ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ይጠብቁ። ከላሜራው ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የነዳጅ ወይም የፍሬን ቱቦ መኖር አለመኖሩን በዓይን ያረጋግጡ፤ የአሮጌውን ላሜራ ቦታም ለክተው ምልክት ያድርጉ። መከላከያ መነጽር ያለጥርጥር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ነጥቦቹን መፈለግ ነው። ቀለሙንና ማሸጊያውን በሽቦ ብሩሽ ያንሱ። ነጥቡ አሁንም ካልታየ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ቀስ ብለው ይሹት፤ ብየዳው ትንሽ ስርጉድ ስላለ ሌላው ሲገለጥ እዚያ ቀለሙ ይቀራል፣ ክብ ሆኖም ይታያል። የሚጣለው ላሜራ የትኛው እንደሆነ ይወስኑና ከእርሱ በኩል ይቁረጡ። የስርጉዱን መሐል በቡሊኖ (በመዶሻ እየተመታ ነጥብ የሚያወጣ ሹል ብረት) ጠበቅ አድርገው ይምቱ፤ መሪው ሹል ካልተቀመጠ መቁረጫው ይንሸራተታል።

ትራፓኖውን ከላሜራው ጋር ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ1,000 ዙር በታች አድርገው በደንብ ይጫኑ። አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ብሩህ ጥቅልል ብረት ከወጣ በትክክል እየቆረጠ ነው፤ መቁረጫው ከጮኸና ዱቄት ብቻ ካወጣ ወይ ደንዟል ወይ ፍጥነቱ በዝቷል። ቶሎ ቶሎ እያቆሙ ጉድጓዱን ይመልከቱ። በቁርጡ ዙሪያ ጥቁር ወይም ዝገት የመሰለ ቀጭን ክብ መስመር ሲታይ የሁለቱ ላሜራዎች መገናኛ ላይ ደርሰዋል፤ እዚያው ያቁሙ። ይህን መስመር ማየት የለመደ ሰው የታችኛውን ላሜራ አይበሳም።

ሁሉም ነጥቦች ሲያልቁ ቀጭን መሮ በመካከል ያስገቡና ቀስ ብለው ይምቱ። እምቢ ካለ ያልታየ ወይም ያላለቀ ነጥብ አለ፤ ኃይል አይጨምሩ፣ ወደ መቁረጫው ይመለሱ።

በታችኛው ላሜራ ላይ የቀረውን ጉብታ በግራይንደር ልክ እስኪሆን ብቻ ያስተካክሉ። ዘይቱን አጥበው ያድርቁ፤ የቀረ ዘይት ብየዳውን ያበላሻል። ከዚያ ብየዳ የሚችል ዚንክ ያለበት ቀለም ይቀቡ። በአዲሱ ላሜራ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎችን ይብሱ፤ ብዛታቸውና ቦታቸው መመሪያው እንደሚለው ይሁን። ቀዳዳዎቹን በብየዳ ከመሙላትዎ በፊት ሁለቱን ላሜራ በመቆንጠጫ አጥብቀው ይያዙ፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ብየዳው ከላይ ያማረ ቢመስልም የታችኛውን አይዝም።